ላፕቶፕ ላይ የገነባሁት ኮምፓይለር ፓይዋ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄው፦ «ሰላም። አንዲት ራዝቤሪ ፓይ ዜሮ የምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር አለችኝ። በውስጧ ያለው ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ስላረጀብኝ አዲሱን ከሶርስ ኮድ ልገነባላት ፈለግሁ። እሷው ላይ ስሞክር ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ሜሞሪ አለቀባት። ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 ባለው የኢንቴል ላፕቶፔ ላይ ገንብቼ ልወስድላት አሰብኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መጀመሪያ ታርጌት የሚለውን አማራጭ አርም (የፓይዋ ፕሮሰሰር ዓይነት) አድርጌ ግንባታውን በ‹ሜክ ኦል-ጂሲሲ› አስጀመርኩ። አለቀ። ፓይዋ ላይ ሳስነሳው ‹ኤግዜክ ፎርማት ኢረር› አለኝ። ሁለተኛ፣ ሆስት የሚለውንም አርም አደረግሁ። መሃል ላይ ‹ካንኖት ኮምፒዩት ሰፊክስ ኦፍ ኦብጀክት ፋይልስ› ብሎ ቆመ። ሦስተኛ፣ የኡቡንቱን የአርም ክሮስ ኮምፓይለር (ላፕቶፕ ላይ ሮጦ ለአርም የሚጽፍ) ጫንኩ፤ አርክቴክቸሩም አርምቪ6 እንዲሆን ነገርኩት። ያለ ስህተት ተጠናቀቀ። ፓይዋ ላይ ግን ‹ኢሊጋል ኢንስትራክሽን› ብሎ ወዲያው ይሞታል። ምኑን ነው የሳትኩት? ይርዱኝ።»

ወንድሜ፣ ሦስቱንም ሙከራ በቅደም ተከተል ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ቆርጦ ይልክና «ምንድነው ይሄ?» ይላል። ያንተ ከነመንገዱ ስለተጻፈ የቱ ጋ እንደሳትክ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ኮምፓይለር ሶርስ ኮድን ፕሮሰሰር ወደሚገባው ኮድ የሚቀይር ነው፤ ራሱም ፕሮግራም ነው። ተራ ፕሮግራም ለሌላ ፕሮሰሰር ስትገነባ የምታስበው ሁለት ማሽን ብቻ ነው፤ የምትገነባበትንና ፕሮግራሙ የሚሮጥበትን። ኮምፓይለር ስትገነባ ግን ሦስተኛ ይመጣል፤ ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ኮድ የሚሮጥበት። ጂሲሲ በቅደም ተከተል ቢልድ፣ ሆስት እና ታርጌት ይላቸዋል።

የሽመና ዕቃ የሚሠራ አናጺ አስብ። ዕቃውን የሚጠርብበት ግቢ ቢልድ ነው። ዕቃው ተተክሎ ሸማኔው የሚሸምንበት ቤት ሆስት ነው። ጋቢውን የሚለብሰው ሰው ደግሞ ታርጌት። አንተ ጋ አናጺው ላፕቶፕህ ነው። ሸማኔዋም ለባሿም ፓይዋ ናት። ሆስትና ታርጌት አንድ ሆነው ቢልድ ብቻ ሲለይ የጂሲሲ ሰዎች «ክሮስድ ኔቲቭ» ይሉታል። ሦስቱም ሲለያዩ «ካናዲያን ክሮስ» ይባላል። ስሙ የወጣለት ጉዳዩ በሚወራበት ዘመን ካናዳ ውስጥ ሦስት አገር አቀፍ ፓርቲዎች ስለነበሩ ነው አሉ። የፕሮግራመር ቀልድ ነው፤ ግን ስሙ ተጣብቆ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ሙከራዎችህ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ታርጌትን ብቻ ስትቀይር ሆስት ሳይነካ ላፕቶፕህ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የጠየቅከው «ላፕቶፔ ላይ የሚሮጥ፣ ለአርም የሚጽፍ ኮምፓይለር» ነው። ጂሲሲም ያዘዝከውን ሰጠህ። ያንን ፋይል ፓይዋ ላይ ስትወስደው የኢንቴል ባይነሪ ሆነባት፤ ከርነሏም «ይሄን ፎርማት አላውቀውም» አለ። የኤግዜክ ፎርማት ኢረር ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ምስጢር የለውም። ለወደፊቱ ፋይል ወደ ፓይዋ ከማሻገርህ በፊት «ፋይል» የሚባለውን ኮማንድ ጥራበት። ኤክስ86-64 (የኢንቴሉ ዓይነት) ካለህ አታሻግረው። 32 ቢት፣ አርም፣ ኢኤቢአይ5 ማለት አለበት።

ይሄ ሙከራ ግን ከንቱ አልነበረም። በደንብ ቢሠራ ኖሮ የሚያስፈልግህ የመጀመሪያው ግማሽ እሱ ነበር። እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ላይ ያየኸው መልእክት በጂሲሲ ዓለም ከሚታወቁት አሳሳች መልእክቶች አንዱ ነው። «የኦብጀክት ፋይል ቅጥያ ማስላት አልቻልኩም» ሲል ቅጥያ ጉዳዩ አይደለም። ኮንፊገር (ከግንባታው በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ስክሪፕት) አንዲት ባዶ ፕሮግራም ኮምፓይል ለማድረግ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በቃ። ለምን እንዳልሆነ የሚነግርህ ኮንፊግ ሎግ የሚባለው ፋይል ነው። ግን የትኛው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ፣ የግንባታው ፎልደር ራስጌ ላይ ያለውን ከፍቶ ምንም አያገኝበትም። መክፈት ያለብህ በታርጌቱ ስም ከተጠራው ንዑስ ፎልደር ውስጥ፣ ሊብጂሲሲ (የጂሲሲ የራሱ ረዳት ላይብረሪ) የሚለው ሥር ያለውን ነው። ከታች ወደ ላይ አንብበው። አሴምብለር (የኮምፓይለሩን ውጤት ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው) ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ጂኤምፒ ወይም ኤምፒኤፍአር የሚባሉት የሒሳብ ላይብረሪዎች አልተገኙም ብሎ ሲሲ1 (ዋናው የሲ ኮምፓይለር ፕሮግራም) ራሱ አልነሳ ብሎ ሊሆን ይችላል። ኮምፓይለሩ ጭራሽ የለምም ሊሆን ይችላል።

ያንተ የመጨረሻው ይመስለኛል። ሁለተኛውን ስትሞክር የአርም ክሮስ ኮምፓይለር ገና አልጫንክም ነበር፤ የጫንከው በሦስተኛው ነው። ወደ ላይ ብትመለስ ኮንፊገር «ዩዚንግ ክሮስ ቱልስ ኖት ፕሪፊክስድ ዊዝ ሆስት ትሪፕሌት» የሚል ማስጠንቀቂያ ጥሎልህ ታገኛለህ። ምን ማለቱ ነው? «በአርም ስም የሚጀምር ጂሲሲ ፈልጌ አጣሁ፤ ተራውን ጂሲሲ እየተጠቀምኩ ነው» ማለቱ ነው። ተራው ጂሲሲ ደግሞ የኢንቴሉ ነው። ከዚያ በኋላ ለደቂቃዎች ዝም ብሎ የኢንቴል ፋይል ሲያመርት ቆየና የአርም ላይብረሪ ተራ ሲደርስ ወደቀ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚች ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ የኮንፊገርን ውጤት ሁልጊዜ ወደ ፋይል ገልብጬ «ዋርኒንግ» የሚለውን ቃል እፈልጋለሁ። ሜክን የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እውነተኛው ችግር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ፓይ ዜሮ ላይ ያለው ፕሮሰሰር አርም1176 ነው። የመጀመሪያዋ ራዝቤሪ ፓይ በ2012 ስትወጣ የያዘችው ዓይነት ማለት ነው። የሚገባው ቋንቋ አርምቪ6 ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ «አርምኤችኤፍ» ብለው የሚያቀርቡት ሁሉ ግን ለአርምቪ7 የተገነባ ነው። በዚያ ላይ ኮዱን በነባሪ በተምብ-2 (አጠር ያለ የአርም ትእዛዝ አጻጻፍ) ይጽፋሉ። አርም1176 ተምብ-2ን አያውቅም። ራዝቢያን የሚባለው ሲስተም ያኔ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ዴቢያንን እንዳለ ወስደው፣ ለአርምቪ6 ከሃርድ ፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥሮችን በፕሮሰሰሩ ሃርድዌር ማስላት) ጋር እንደገና ኮምፓይል አደረጉት።

ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ሲስተሞች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም አንድ ነው፤ አርም-ሊኑክስ-ጂኑኢኤቢአይኤችኤፍ። ስሙን ብቻ አይቶ ሰፈር የተሳሳተ እንግዳ በለው። የኡቡንቱ ክሮስ ኮምፓይለር ስሙ ከፓይዋ ጋር ልክ ነው፤ ፎርማቱ ልክ ነው፤ ፋይሉ ፓይዋ ላይ ይነሳል። የመጀመሪያዋ የአርምቪ7 ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ግን ፕሮሰሰሩ «ይቺን አላውቃትም» ይላል። ኢሊጋል ኢንስትራክሽን።

«አርምቪ6 ብዬ ነግሬዋለሁ እኮ» ትለኛለህ። ነግረኸዋል። ግን ለማን ነገርክ? ዊዝ-አርክ የሚለው አማራጭ የሚገልጸው አዲሱ ኮምፓይለር ወደፊት፣ ፓይዋ ላይ ሆኖ፣ የሚጽፈውን ኮድ ነው። ኮምፓይለሩ ራሱ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። ኮምፓይለሩን የሠራው የኡቡንቱው ጂሲሲ ነው፤ እሱ ደግሞ በለመደው በአርምቪ7 ነው የሠራው። ለባሿ የምትፈልገውን ጋቢ ለሸማኔዋ ነገርክ፤ አናጺው ግን አልሰማም።

ይህን ሲረዱ ብዙዎች የሚሄዱበትን መንገድ ልንገርህና አንተ እንዳትሄድበት። ሲፍላግስ (ለኮምፓይለሩ አማራጭ የሚሰጥበት ቫሪያብል) ላይ ማርች አርምቪ6 ብለህ ትጨምራለህ። ያኔ «ሶሪ፣ አንኢምፕሊመንትድ፦ ተምብ-1 ሃርድ-ፍሎት» የሚል ይቅርታ ይመጣል። ነባሪው ተምብ ስለሆነ አርምቪ6 ሲባል ወደ ተምብ-1 ይወርዳል፤ ተምብ-1 ደግሞ ከሃርድ ፍሎት ጋር አይሆንም። ከዚያ ኤም-አርም የሚለውን ትጨምራለህ። ይቅርታው ይጠፋል። ግንባታው ያልቃል። ፓይዋ ላይ ስትወስደው እንደገና ኢሊጋል ኢንስትራክሽን! ለምን? አንተ ኮምፓይል ያደረግከው ኮድ አሁን አርምቪ6 ነው። ሊንከሩ (ቁርጥራጮቹን አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው) ግን ከጎኑ የኡቡንቱን ሲአርቲ1፣ የኡቡንቱን ሊብጂሲሲ፣ የኡቡንቱን ሊብስታንዳርድ-ሲ++ (የሲ++ ላይብረሪውን) ጨምሮበታል። እነሱ ቀድመው በአርምቪ7 የተገነቡ ናቸው። ሲአርቲ1 ደግሞ ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሮጠው ኮድ ነው፤ ገና ሜይን ሳይደረስ ያልቅለታል። ፍላግ በመጨማመር ከዚህ አትወጣም።

በዓይንህ ማየት ከፈለግህ «ሪድ-ኤልፍ» የሚባለውን ካፒታል ኤ ከሚለው ፍላግ ጋር ጥራው። ሪድ-ኤልፍ የየትኛውንም ፕሮሰሰር ፋይል ያነባል፤ የላፕቶፕህ ይበቃል። ሦስት መስመር ተመልከት። የሲፒዩ አርክ የሚለው ቪ7 ካለ አበቃ፤ ቪ6 ወይም ቪ6ኬዜድ መሆን አለበት። የተምብ አጠቃቀም የሚለው ተምብ-2 ካለም እንዲሁ። የቪኤፍፒ አርጉመንት የሚለው ደግሞ «ቪኤፍፒ ሬጅስተርስ» ማለት አለበት፤ ሃርድ ፍሎት ማለት እሱ ነው። ይህቺ አንዲት ኮማንድ ስንቱን ሌሊት ታድንልህ ነበር።

በነገራችን ላይ ዕድለኛም ነህ። የላፕቶፕህ ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲ ላይብረሪ) 2.35 ነው። የፓይዋ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ኖሮ ኢሊጋል ኢንስትራክሽን ጋ እንኳን አትደርስም ነበር። «ጂሊብሲ 2.34 ኖት ፋውንድ» ብሎ ይመልስህ ነበር። ጂሊብሲ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይስማማም። በአሮጌው ላይ የተገነባ በአዲሱ ይሮጣል፤ በአዲሱ የተገነባ በአሮጌው ብዙ ጊዜ አይሮጥም።

አሁን ወደ መፍትሔው።

መጀመሪያ ፓይዋን ራሷን ጠይቃት። በእሷ ላይ «ጂሲሲ» ብለህ ትንሹን ቪ ፍላግ ስጠው። የተገነባበትን አማራጭ በሙሉ ይዘረግፍልሃል። ዊዝ-አርክ አርምቪ6፣ ዊዝ-ኤፍፒዩ ቪኤፍፒ፣ ዊዝ-ፍሎት ሃርድ የሚሉትን እዚያ ታገኛለህ። እነዚህን እንዳሉ ገልብጣቸው። ከኢንተርኔት አትቅዳ፤ የሰው ፓይ ሌላ ነው። ለምሳሌ ዜሮ 2 ደብሊው ስሟ ቢመሳሰልም ኮርቴክስ-ኤ53 ነው ያላት፤ አርምቪ7 ኮድ ያለ ችግር ይሮጥባታል።

ቀጥሎ ሲስሩት ያስፈልግሃል። ሲስሩት ማለት የፓይዋን ሄደሮችና ላይብረሪዎች ላፕቶፕህ ላይ በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ ነው። ላይብ፣ ዩኤስአር/ላይብ እና ዩኤስአር/ኢንክሉድ የሚሉትን በአርሲንክ ቅዳቸው። ፓይዋ ላይ ቢልድ-ኢሴንሻል የሚባለው ፓኬጅ ቀድሞ መጫኑን አረጋግጥ፤ አለዚያ ሄደሮቹ የሉም። አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሲምሊንኮች ከስላሽ የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ነው የሚያመለክቱት። ፓይዋ ላይ ልክ ነበሩ። ላፕቶፕህ ላይ ግን ወደ ላፕቶፕህ የራሱ ላይብ ያመለክታሉ፤ ወይም የትም። ሊንከሩ «ስኪፒንግ ኢንኮምፓቲብል» እያለ ፋይል ሲዘል ካየህ፣ ወይም ያለ ፋይል የለም ካለህ፣ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥር። «ሲምሊንክስ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ሁሉንም ወደ አንጻራዊ አድራሻ ትቀይርልሃለች።

የኡቡንቱን ክሮስ ኮምፓይለር አራግፈው። ስሙ አንድ ስለሆነ ፓዝ (ሲስተሙ ኮማንዶችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ቀድሞ ከተገኘ ሳታውቀው እሱን ትጠቀማለህ። ማቆየት ካለብህ «ዊች» የሚለውን ኮማንድ በየደረጃው ጥራ፤ የትኛው እንደተያዘ ይነግርሃል።

ከዚያ ዙር አንድ። ቢልድም ሆስትም ላፕቶፕህ፣ ታርጌት አርም። የመጀመሪያ ሙከራህ ማለት ነው፤ ግን ሙሉ ሆኖ። ቢንዩቲልስን መጀመሪያ ገንባ፤ አሴምብለሩና ሊንከሩ እዚያ ናቸው። ሲስሩቱን ንገረው። በመቀጠል ጂሲሲን በዚያው ፕሪፊክስ (የመጫኛ ፎልደር)፣ በዚያው ሲስሩት፣ ከፓይዋ በገለበጥካቸው ሦስት አማራጮች ገንባ። ቋንቋ ሲ እና ሲ++። ሲ++ አትተው፤ ጂሲሲ ከ4.8 ጀምሮ ራሱን ለመገንባት የሲ++ ኮምፓይለር ይፈልጋል። ኢኔብል-መልቲአርክ የሚለውንም ጨምር። የፓይዋ ላይብረሪዎች ያሉት በቀጥታ ዩኤስአር/ላይብ ሥር ሳይሆን በታርጌቱ ስም በተጠራ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ነው። ጂሲሲ ይሄን ካላወቀ «ካንኖት ፋይንድ ሲአርቲ1» ብሎ ያለቅስብሃል።

በየመመሪያው «መጀመሪያ ያለ ሄደር ገንባ፣ ከዚያ ጂሊብሲን ገንባ፣ ከዚያ ጂሲሲን ድገም» የሚል ረጅም ዙር ታያለህ። ያ ሲስተም ከባዶ ለሚጀምር ነው። አንተ ጂሊብሲው ፓይዋ ላይ ተዘጋጅቶ አለልህ። ዝለለው።

ሁልጊዜ ከሶርሱ ውጭ፣ በባዶ ፎልደር ገንባ። አማራጭ በቀየርክ ቁጥር ፎልደሩን አጥፍተህ ጀምር። ያምራል ብለህ አሮጌው ላይ ኮንፊገርን ብትደግም ትናንት ያሰላውን መልስ ዛሬ ይሰጥሃል።

ዙር አንድ ሲያልቅ አንዲት «ሰላም» የምትል ትንሽ ፕሮግራም በሲ++ ጽፈህ በአዲሱ ኮምፓይለር ገንባት። በሪድ-ኤልፍ አጣራት። ፓይዋ ላይ አሂዳት። እሷ ሳትሮጥ ወደ ዙር ሁለት አትሂድ።

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። እውነት ኮምፓይለሩ ፓይዋ ላይ ያስፈልግሃል? ዜሮዋ ሜሞሪዋ 512 ሜጋባይት ነው። አዲስ ጂሲሲ አንድ ቴምፕሌት የበዛበት የሲ++ ፋይል ሲገነባ ብቻውን ያንን ሊበላው ይችላል። ዙር አንድ ላይ ያገኘኸው ኮምፓይለር ላፕቶፕህ ላይ ሆኖ ለእሷ ይጽፋል። ለአብዛኛው ሥራ ይሄው ይበቃል፤ እኔ ብሆን እዚሁ አቆም ነበር። የግድ ካልክ ግን ቀጥል።

ዙር ሁለት። ቢልድ ላፕቶፕህ፣ ሆስት አርም፣ ታርጌት አርም። የዙር አንዱ ኮምፓይለር ፓዝ ላይ መጀመሪያ ይሁን። የጂሲሲው እትም ደግሞ ከዙር አንዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ምክንያቱም አዲሱ ኮምፓይለር አርም ስለሆነ ላፕቶፕህ ላይ አይሮጥም። ስለዚህ ሊብጂሲሲንና የሲ++ ላይብረሪውን የሚገነባለት የዙር አንዱ ነው። አሮጌ ከሆነ የማያውቀው ፍላግ ይመጣበትና ይቆማል።

ቢልድን በግልጽ ጻፈው። ሆስትን ብቻ ሰጥተህ ቢልድን ከተውክ ኮንፊገር «ክሮስ ይሆን?» እያለ አንዲት ፕሮግራም ገንብቶ ለማስኬድ ይሞክራል። ከሮጠችለት «ክሮስ አይደለም» ብሎ ይደመድማል። የአርም ፕሮግራም ኢንቴል ላይ እንዴት ይሮጣል ካልክ፣ ኬሙ የሚባለው ኢሙሌተር (የሌላ ፕሮሰሰር አስመሳይ) ነው ጉዱ። ላፕቶፕህ ላይ ኬሙ-ዩዘር ከቢንኤፍኤምቲ ጋር ከተጫነ የአርም ፋይል ዝም ብሎ ይሮጣል። ይሄ እኔን ሁለት ቀን በልቶኛል። ለሌላ ሥራ የጫንኩትን ረስቼው፣ ግንባታው አሥር እጥፍ ተንቀራፎ ሲሄድ ላፕቶፑን ስረግም ነበር። ለካስ እያንዳንዷን ረዳት ፕሮግራም በኢሙሌተር እያስኬደ ነው።

ስለ ረዳት ፕሮግራሞች ካነሳን፣ ጂሲሲ ሲገነባ ስማቸው በ«ጄን» የሚጀምር ትንንሽ ፕሮግራሞች ይሠራል። እነሱ ደግሞ የራሱን ሶርስ ኮድ ያመነጩለታል። የሚሮጡት ላፕቶፕህ ላይ ነው። ስለዚህ የኢንቴል መሆን አለባቸው። ሲሲ የሚባለውን ቫሪያብል በአርም ኮምፓይለር ኤክስፖርት አድርገህ ሆስትን ሳትናገር ከጀመርክ ኮንፊገር የገነባትን የሙከራ ፕሮግራም ላፕቶፕህ ላይ ማስኬድ አቅቶት ገና በጠዋቱ ይቆማል። ሲሲን አትንካው። ከሆስት ስም ራሱ ያገኘዋል።

ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአር እና ኤምፒሲ አሁን ለአርም መገንባት አለባቸው። የላፕቶፕህ አይሆኑም። ቀላሉ መንገድ ሶርሱ ውስጥ ኮንትሪብ ሥር ያለውን «ዳውንሎድ ፕሪሪኩዚትስ» የሚባለውን ስክሪፕት ማስኬድ ነው። አውርዶ ሶርሱ ውስጥ ያስቀምጥልሃል፤ ከዚያ አብረው ይገነባሉ።

በዙር ሁለት ሲስሩቱ ላይ ጠንቀቅ በል። የላፕቶፕህን የሲስሩት አድራሻ ዊዝ-ሲስሩት ብለህ ከሰጠኸው፣ አዲሱ ኮምፓይለር ፓይዋ ላይ ሆኖ ያንኑ የላፕቶፕህን ፎልደር ይፈልጋል። ስለማያገኘውም «ስታንዳርድ አይኦ ሄደር የለም» ይላል። ዊዝ-ሲስሩት ስላሽ ብቻ ይሁን። የላፕቶፑን አድራሻ ዊዝ-ቢልድ-ሲስሩት በሚለው ስጠው። ያኛው ለግንባታው ጊዜ ብቻ ነው።

ሲያልቅ በዴስትዲር ወደ አንድ ጊዜያዊ ፎልደር ኢንስቶል አድርግና እሱን በታር ጠቅልል። ከመጠቅለልህ በፊት ስትሪፕ አድርገው፤ ዲበግ መረጃው ፋይሎቹን በመቶዎች ሜጋባይት ያሳብጣቸዋል። በላፕቶፑ ስትሪፕ አይሆንም፤ ፎርማቱን አላውቀውም ይልሃል። በአርም ስም የሚጀምረውን ተጠቀም።

ወደ ፓይዋ ከመውሰድህ በፊት እዚያው ላፕቶፑ ላይ በኬሙ-አርም ሞክረው። ሲስሩቱን በካፒታል ኤል ፍላግ ስጠው። ሲፒዩውን አርም1176 ማለት ግን አትርሳ። ካላልክ ኬሙ ሁሉን የሚችል ፕሮሰሰር ሆኖ ይቀርባል፤ የአርምቪ7 ኮዱንም ደስ ብሎት ያስኬድልሃል። ፓይዋ ግን ደስ አይላትም።

ጥቂት የቀሩኝ ነገሮች አሉ። ግንባታው መሃል «ኪልድ» የሚል ቃል ካየህ ሜሞሪ አልቆ ነው፤ የጄ ቁጥሩን (ሜክ በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸውን ሥራዎች ብዛት) ቀንሰው። መብራት ከጠፋና ባትሪው ካለቀ ሜክን መልሰህ ጥራ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሜክ ደግሞ «አዲስ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በኋላ ሊንከሩ ፎርማቱን አላወቅሁትም ካለህ፣ መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ኦብጀክት ፋይሎችን ፈልገህ አጥፋና ቀጥል።

ፓይዋ ላይ ፋይሉ ፊትህ ተቀምጦ «ኖ ሰች ፋይል» ካለህም አትደንግጥ። የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን ጫኚው ነው። ላይብ ሥር ኤልዲ-ሊኑክስ-አርምኤችኤፍ የሚለው መኖሩን እይ። ፋይሉ የሚፈልገው ያለ «አርምኤችኤፍ» የሆነውን ከሆነ በሶፍት ፍሎት ገንብተኸዋል ማለት ነው፤ ወደ ዙር አንድ ተመለስ።

በመጨረሻም ሁሉም ሆኖ አዲሱ ጂ++ ሠርቶ፣ እሱ የገነባው ፕሮግራም «ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.32 ኖት ፋውንድ» ሊልህ ይችላል። ይሄ የግንባታ ስህተት አይደለም። ፕሮግራሙ ሲነሳ የፓይዋን አሮጌ የሲ++ ላይብረሪ ስላገኘ ነው። ስትገነባ ስታቲክ-ሊብስታንዳርድ-ሲ++ በለው፤ ወይም አርፓዙን (ፕሮግራሙ ላይብረሪ የሚፈልግበትን አድራሻ) ወደ አዲሱ ላይብረሪ ምራው። አሮጌውን ላይብረሪ በአዲሱ አትተካው፤ ሲስተሙ የሱ ነው።

ዙር አንድ ላይ ከተሰናከልክ የሊብጂሲሲውን ኮንፊግ ሎግ የመጨረሻ መቶ መስመርና የሪድ-ኤልፍ ውጤቱን ላክልኝ። የላይኛውን ሎግ አይደለም፤ የውስጡን።